ባዶ ወንበሮች ፊት የቆመው ሰው

ዲሴምበር 20 ቀን 1962፤ ቶኪዮ፣ ኡዬኖ ሠፈር። ቶኪዮ ቡንካ ካይካን የሚባለው ትልቁ የኮንሰርት አዳራሽ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። አንድ የ27 ዓመት ወጣት መድረኩ ላይ ወጣ። ወንበሮቹ አሉ፤ የሚቀመጥባቸው ሰው ግን የለም። ቫዮሊን የለ፣ ቼሎ የለ፣ ጥሩምባ የለ። ከአገሪቱ ኦርኬስትራዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የኤንኤችኬ ሲምፎኒ ከዚህ ልጅ ጋር አንሠራም ብሎ አድሟል፤ ኮንሰርቱም ተሰርዟል። ወጣቱ ብቻውን የቆመበት የዚያን ዕለት ወሬ በጃፓን ሁሉ ተዳረሰ።

ስሙ ሴይጂ ኦዛዋ ነው። ከዚያች ዕለት በኋላ በነበሩት 60 ዓመታት የቦስተንን፣ የቪየናን፣ የበርሊንንና የፓሪስን መድረኮች ያዳረሰ፣ ከምሥራቅ እስያ ተነሥቶ በምዕራቡ የሲምፎኒ ዓለም ጫፍ ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው የኦርኬስትራ መሪ ሆነ። ሽልማቱንና ሹመቱን ቆጥሮ ሕይወቱን መተረክ ቀላል ነው። እኔ ግን ስለ እሱ ባነበብሁ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያ ባዶ መድረክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በሚጫወትበት ጊዜ መድረክ ላይ ካሉት 80 ወይም 100 ሰዎች መካከል አንዲትም ድምፅ የማያወጣው መሪው ብቻ ነው። በእኛ ማሕሌት መሪጌታው ቃሉን ራሱ ያነሣል፤ ሌላው ቢደክም እንኳ እሱ ዜማውን ይዞት ይዘልቃል። የሲምፎኒ መሪ እንዲህ ያለ መጠጊያ የለውም፤ መሣሪያው ሰው ነው። ፒያኖ ተጫዋች ቢከፋው ቤቱን ዘግቶ ይለማመዳል። መሪ ግን ተጫዋቾቹ ከከዱት እጁን በአየር ላይ የሚያወናጭፍ ሰው ከመሆን አያልፍም። ኦዛዋ ይህን ያየው ገና በ27 ዓመቱ ነው።

ጠቡ ከምን መጣ? ልጁ ከአሜሪካ የተመለሰው በቅርቡ ነበር፤ በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የሊዮናርድ በርንስታይን ረዳት ሆኖ ሠርቷል። በዚያው ዓመት በጁላይ የፈረንሳዊውን ኦሊቪዬ መሲያንን ግዙፍ ሥራ፣ ቱራንጋሊላ ሲምፎኒን፣ ለጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰምቷል፤ የተጫወቱለትም እነዚሁ የኤንኤችኬ ሰዎች ናቸው። በመኸሩ አብረው ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ተጓዙ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው። ያረፍዳል፣ ይሳሳታል፣ አያከብረንም የሚል ስሞታ ተከመረበት። ከስሞታው በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ኦርኬስትራው በጀርመን ሥርዓት የተገራ፣ ታላቅና ታናሽ የሚለይበት ቤት ነው። ኦዛዋ ገና ሽበት ያላወጣ፣ ዝናውን በውጭ አገር ይዞ የመጣ ልጅ። የሁለቱን ወገን ነገር ሲያዩት ልጁም ያለ ጥፋት አልነበረም፤ የተሰጠው ቅጣት ግን ከጥፋቱ እጅግ የበለጠ ነው።

ወዳጆቹ ዝም አላሉም። ደራሲው ዩኪዮ ሚሺማ በአሳሂ ጋዜጣ ጻፈለት። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኬንዛቡሮ ኦዬ፣ የሙዚቃ ደራሲው ቶሩ ታኬሚትሱ፣ የቴአትር አዘጋጁ ኬይታ አሳሪና ሌሎችም ተሰባስበው ጃንዋሪ 15 ቀን 1963 በሂቢያ አዳራሽ የራሱን ኮንሰርት አዘጋጁለት። (በባዶው መድረክ ላይ መታየቱም የቴአትር ሰዎቹ ምክር ነው የሚሉ አሉ። ቢሆንም ባይሆንም፣ ወንበሮቹ ባዶ እንደነበሩ የሚክድ የለም።) አዳራሹ ሞላ፣ ተጨበጨበለት። ኦዛዋም ሻንጣውን ሸክፎ ከአገሩ ወጣ።

ከአገር መውጣትን ያወቀው ከልደቱ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1935 የተወለደው ዛሬ ቻይና ውስጥ ሸንያንግ በምትባለውና ያኔ በጃፓን በተያዘችው የማንቹሪያ ከተማ ነው። አባቱ ካይሳኩ የጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ፖለቲካም ይወዳሉ። የልጃቸውን ስም ያወጡት የሁለት የጃፓን ጦር መኮንኖችን፣ የኢታጋኪ ሴይሺሮንና የኢሺዋራ ካንጂን፣ ስሞች ቆርሰው በማጣመር ነው። የሙዚቃ ሰው በጦር ሰዎች ስም መጠራቱ የዘመኑ ምፀት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። እናቱ ሳኩራ ክርስቲያን ስለነበሩ ልጆቹ መዝሙር እየሰሙ አደጉ። በ1941 ቤተሰቡ ወደ ጃፓን ተመልሶ በቶኪዮ አጠገብ በታቺካዋ ሰፈረ።

ከጦርነቱ በኋላ በድህነት መካከል ፒያኖ ተገዛ። ፒያኖው ያለው ዮኮሃማ ነው፤ መኪና የለም። አባትና ታላላቅ ወንድሞቹ በእጅ ጋሪ ጭነው ሦስት ቀን እየገፉ ታቺካዋ አደረሱት። ኦዛዋ ይህን ታሪክ እስከ እርጅናው ድረስ ያወራው ነበር። ልጁ ፒያኖ ተጫዋች ሊሆን ቆርጦ ተነሣ፤ ራግቢም ይወዳል። ከዕለታት አንድ ቀን በጨዋታ ላይ ጣቶቹ ተሰበሩ፤ የፒያኖው ነገር አበቃ። መምህሩ መሪነትን ለምን አትሞክርም አሉት። ልጁ ኦርኬስትራ በአካል አይቶ አያውቅም። ሂዶ ሊዮኒድ ክሮይዘር ፒያኖውን እየተጫወተ ኦርኬስትራውንም ሲመራ አየ፤ የቤትሆቨን አምስተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልፈለገም።

የእናቱ ዘመድ የሆኑ አንድ ሰው ነበሩ፤ ሂዴዎ ሳይቶ። ቼሎን በላይፕዚግና በበርሊን ከታላላቅ መምህራን ተምረው የተመለሱ፣ በቶሆ ጋኩየን ትምህርት ቤት የጃፓንን ሕፃናት ከሥር ጀምረው የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። የኔታ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጡ ነበሩ፤ ሲናደዱ በትርም ኖታም ይወረውራሉ። ኦዛዋም እንደ ደቀ መዝሙር ኖታ ይገለብጣል፣ ልምምዱን ያሰናዳል፣ ቁጣውንም ይቀበላል።

ሳይቶ የሰውን እጅ እንቅስቃሴ እንደ ሰዋስው በታትነው ለእያንዳንዱ ስም ሰጥተውታል፤ በ1956ም መጽሐፍ አድርገው አሳትመውታል። «ታታኪ» መምታት ነው፤ እጅ ከላይ እየፈጠነ ወርዶ አንድ የማይታይ ነጥብ ነክቶ ይነጥራል። «ሻኩዪ» መጭለፍ ነው፤ ወጥ በጭልፋ እንደሚወጣ እጅ ታችኛውን ነጥብ በክብ አልፎ ይነሣል። ቀጥሎ ሳይፈጥን ሳይዘገይ በእኩል የሚፈስ እንቅስቃሴ አለ፤ ሌሎችም አሉ። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? መሪ የሚያሳየው የሚሰማውን ድምፅ አይደለም፤ ገና የሚመጣውን ነው። ተጫዋቹ እጁን አይቶ ትንፋሹን ይስባል፤ ቀስቱን ያነሣል። የእጁ አወራረድ ግራ ካጋባ መቶ ሰው በመቶ ቦታ ይገባል። የኦዛዋ እጅ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተደነቀው በዚህ ግልጽነቱ ነው፤ ምንጩም የሳይቶ ጭልፋ ነው።

በ1959 መጀመሪያ ወጣቱ ከኮቤ ወደብ በጭነት መርከብ ተሳፈረ። ጊታር ይዟል። አንድ የጃፓን ኩባንያ ራቢት የሚባል ሞተር ስኩተር አውሶታል፤ ከውሉ አንዱ ጃፓናዊነቱን በግልጽ እያሳየ እንዲነዳ ነው። ወደ ሁለት ወር በሚጠጋ ጉዞ በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር፣ በእኛው በምፅዋ ማዶ አልፎ ማርሴይ ደረሰ። ከዚያ ስኩተሩን አስነሥቶ ፓሪስ ገባ። ይህን ጉዞ ኋላ ራሱ በመጽሐፍ ጽፎታል፤ የብዙ ጃፓን ወጣቶችንም ልብ አነሣስቷል።

ፓሪስ ሳለ በቤዛንሶን ከተማ ለወጣት መሪዎች ውድድር እንዳለ አየ። የማመልከቻው ቀን አልፏል። የአገሩ ኤምባሲ ሊረዳው አልቻለም፤ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ሄደ። እዚያ ለሙዚቃ ጉዳይ የተቀመጠች ሴት ጥሩ መሪ ነህ ወይስ መጥፎ ብላ ጠየቀችው። ጥሩ መሪ እሆናለሁ አላት። ስልክ አንሥታ ደወለች፤ ተቀበሉት። በሴፕቴምበር 1959፣ 24 ዓመት በሞላው ወር፣ አንደኛ ወጣ። ያቺ ሴት ያን ቀን ቢሮ ባትገባ ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ከዳኞቹ አንዱ የቦስተን ሲምፎኒ መሪ ሻርል ሙንሽ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኦዛዋ ቦስተኖች በየበጋው ወደሚሰበሰቡበት ወደ ታንግልዉድ ሄዶ የኩሴቪትስኪን ሽልማት ወሰደ። ቀጥሎ በርሊን ከኸርበርት ፎን ካራያን ዘንድ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ከበርንስታይን ዘንድ። ሁለቱ ሰዎች ሰማይና ምድር ናቸው። ካራያን እንደ መምህር ያዝዛል፣ ረጅሙን መስመር አትርሳ ይላል፤ ኦዛዋም ማኤስትሮ እያለ ይጠራዋል። በርንስታይን ማዘዝ አይወድም፤ ወጣቶቹን እንደ ባልንጀራ ነው የሚቆጥራቸው፤ ሌኒ ነው የሚባለው። ካራያን ሲምፎኒና ኦፔራ የአንድ ጋሪ ሁለት ጎማዎች ናቸው፣ አንዱ ከጎደለ ጋሪው አይሄድም ብሎ የመከረውን ኦዛዋ ሁልጊዜ ይደግመው ነበር። በ1969 በሳልዝበርግ የሞዛርትን «ኮዚ ፋን ቱቴ» ይዞ የኦፔራውን በር የከፈተውም በዚህ ምክር ነው።

እንግዲህ የአገሩ ሰዎች ባዶ ወንበር ያሳዩት ልጅ ከእነዚህ ሁሉ እጅ ያለፈ ነበር። ከ1963 በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ነው። ከ1964 ጀምሮ በቺካጎ አጠገብ የራቪኒያ ፌስቲቫል፣ ከ1965 ቶሮንቶ፣ ከ1970 ሳን ፍራንሲስኮ። ጸጉሩ ረጅም፣ ልብሱ የተለመደው ጥቁር ኮትና ነጭ ከረባት ሳይሆን አንገቱ የተጠቀለለ ነጭ ሹራብ። ትልልቅ ሥራዎችን ኖታ ሳይዘረጋ በቃሉ ይመራል። ለዚህም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ተነሥቶ ኖታ ያጠናል፤ ይህ ልማድ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም።

በእነዚያ ዓመታት የሠራው አንድ ነገር ከሹመቶቹ ሁሉ ይልቅ ይማርከኛል። ታኬሚትሱ ለጃፓን ባህላዊ መሣሪያዎች የጻፈውን ሙዚቃ ኦዛዋ በቴፕ ለበርንስታይን አሰማው። በርንስታይን ተደነቀ፤ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክም ለ125ኛ ዓመቱ ከታኬሚትሱ አዲስ ሥራ አዘዘ። በኖቬምበር 1967 ኒውዮርክ ላይ የቀረበው «ኖቬምበር ስቴፕስ» ነው፤ የመራውም ኦዛዋ። በኦርኬስትራው ፊት ሁለት ሰዎች ተቀመጡ፤ አንዷ ቢዋ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ፣ ሌላው ሻኩሃቺ የሚባለውን የቀርከሃ ዋሽንት ይዘው። ታኬሚትሱ ሁለቱን ዓለሞች አላደባለቀም። ኦርኬስትራው ይናገራል፣ ዝም ይላል፤ ቢዋውና ዋሽንቱ ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ይናገራሉ። በዚያ ጊዜ ኦዛዋ እጁን አሳርፎ ይጠብቃል። ምሥራቅና ምዕራብ ተዋሐዱ የሚለውን የተሰለቸ ወሬ ለሚወድ ሰው ይህ ሥራ መልስ ነው።

በ1973 ቦስተን ተረከበ፤ 29 የሙዚቃ ወቅቶች ቆየ። በ1881 በተመሠረተው በዚያ ኦርኬስትራ ታሪክ እንደ እሱ የቆየ የለም። በቤዝቦል ቡድኑ በሬድ ሶክስ ፍቅር ነደደ፤ የከተማዋ ሰው ሆነ፤ እንግሊዝኛው ግን እስከ መጨረሻው የተሰባበረ ነበር። ልጆቹ ጃፓንኛ እንዲናገሩና በጃፓን እንዲማሩ ስለፈለገ ባለቤቱና ልጆቹ ቶኪዮ ኖሩ፣ እሱ ተመላላሽ ሆነ። በስደት የሚኖር አንባቢ ይህን ሳላብራራው ይረዳዋል።

አንድ ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል፤ ሩዝ በልቶ ያደገ ሰው የቤትሆቨንን ልብ ያገኘዋል ወይ? ጥያቄው ንቀት አለበት። ኦዛዋ ግን አልተቆጣም፤ ራሱን እንደ ሙከራ ነው የሚያየው፤ ከእስያ የመጣ ሰው በዚህ ሙዚቃ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል የሚታይበት ሙከራ። በማርች 1979 አሜሪካና ቻይና ግንኙነታቸውን ባደሱ በሁለት ወራቸው ቦስተኖችን ይዞ ቤይጂንግ ገባ። በባህል አብዮቱ ዘመን የምዕራብ ሙዚቃ እንደ ወንጀል ይቆጠርባት በነበረች አገር፣ የቻይናና የአሜሪካ ተጫዋቾች በአንድ ላይ ተቀምጠው በስታዲየም 18,000 ሰው ፊት ተጫወቱ። የመራቸውም በጃፓን ወረራ ዘመን እዚያው ቻይና የተወለደ ጃፓናዊ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቤይጂንግ ውስጥ አንዲት ተማሪ ኤርሁ የሚባለውን ባለ ሁለት አውታር መሣሪያ ስትጫወት ሰምቶ እንዳለቀሰ፣ እንዲህ ያለው ዜማ በጉልበት ተንበርክኮ ነው የሚሰማው እንዳለ ቻይናውያን ዛሬም ያወሳሉ።

ቦስተን ላይ ሁሉም ማር አልነበረም። በኋለኞቹ ዓመታት ቆይታው በዛ የሚሉ ተቺዎች ተነሡ፤ ከተጫዋቾቹም ቅር ያላቸው ነበሩ። በ1990ዎቹ በታንግልዉድ ትምህርት ቤት አስተዳደር ላይ የተነሣው ውዝግብ የቆዩ መምህራንን አስለቅቋል። የተቺዎቹ ነገር ከፊሉ እውነት አለው። እጁ የሚያበራው በበርሊዮዝ፣ በራቬል፣ በመሲያን፣ መቶ መሣሪያና መቶ ዘማሪ በሚጋጩበት ሥራ ነው። መሲያን «ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲሲ» የተባለውን አምስት ሰዓት የሚጠጋ ኦፔራውን ጽፎ ሲጨርስ በ1983 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲመራው የተጠራው ኦዛዋ ነው። በቤትሆቨንና በሞዛርት ግን ውበቱ ከጥልቀቱ የሚቀድምበት ቀን አልጠፋም።

ሙሉ ሰው ሆኖ የማገኘው ቦስተን ላይ አይደለም፤ ማትሱሞቶ ነው። መምህሩ ሳይቶ በ1974 አረፉ። በአሥረኛ ዓመታቸው፣ በ1984፣ ኦዛዋና አብሮ የተማረው መሪ ካዙዮሺ አኪያማ በዓለም የተበተኑትን የሳይቶን ተማሪዎች ጠሩ። በበርሊን ያለው፣ በቦስተን ያለው፣ በየአውሮፓ ከተማው ወንበር ያለው ሁሉ መጣ። ለአንድ ተዝካር የተሰበሰበው ቡድን ሳይቶ ኪነን፣ የሳይቶ መታሰቢያ ኦርኬስትራ፣ ተብሎ ቀረ። ከ1992 ጀምሮ በጃፓን ተራሮች ሥር ባለችው በማትሱሞቶ ከተማ በየዓመቱ ፌስቲቫል ያደርጋል። በመጀመሪያው ዓመት የስትራቪንስኪን «ኦዲፐስ ንጉሥ» ከዘፋኟ ጄሲ ኖርማን ጋር አቀረቡ።

ይህ ኦርኬስትራ ዓመት ሙሉ የሚቆም አይደለም። አባላቱ በሌላ ቤት ደመወዝተኞች ናቸው፤ እዚህ የሚመጡት ወደው ነው። ሰዎቹ የተማሩት ከአንድ ቁጡ ሽማግሌ ስለሆነ አንድ ላይ ትንፋሽ ሲስቡ የአንድ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። የብራምስ ቅጂዎቻቸውን የሰማ የምለው ይገባዋል። በ1962 መሪው ብቻውን ቀርቶ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ፤ እዚህ ግን ሰው ከየአህጉሩ ትኬት ቆርጦ መጥቶ ይቀመጥባቸዋል።

ከኤንኤችኬ ጋርስ? ዕርቁ የመጣው ከ32 ዓመት በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1995 ኦዛዋ ከቼሎ ተጫዋቹ ሮስትሮፖቪች ጋር ሆኖ በቶኪዮ በዚያው ኦርኬስትራ ፊት ቆመ። በኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሺዎች ካለቁ ገና ጥቂት ቀን ነው። ከፕሮግራሙ በፊት ለሟቾቹ የባህ ዜማ ተጫወቱ፤ አዳራሹ ሳያጨበጭብ በዝምታ ተቀበለው። በ1962 አድመው ከነበሩት ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር።

ቀሪው ዝና ነው፤ ፈጠን ልበል። በ1994 በታንግልዉድ በስሙ አዳራሽ ተከፈተ። በ1998 የናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ ሲከፈት የቤትሆቨንን የደስታ መዝሙር ሲመራ፣ በሳተላይት የተያያዙ መዘምራን ከቤይጂንግ፣ ከበርሊን፣ ከኒውዮርክ፣ ከሲድኒና ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ጫፍ አብረውት ዘመሩ። በ2002 የቪየናን የአዲስ ዓመት ኮንሰርት የመራ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ቦስተንን ተሰናብቶ የቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኖ እስከ 2010 ቆየ። ማትሱሞቶ ላይ የተቀረጸው የራቬል ኦፔራ በ2016 ግራሚ አገኘ።

በጃንዋሪ 2010 የምግብ ቧንቧ ካንሰር ተገኘበት። ሥራ ባቆመበት በዚያ ጊዜ ከደራሲው ሃሩኪ ሙራካሚ ጋር ሸክላ አብረው ያደምጡ፣ ያወሩም ነበር፤ ከዚያም መጽሐፍ ወጣ። በዲሴምበር 2010 ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ከሳይቶ ኪነን ጋር የብራምስን አንደኛ ሲምፎኒ መራ። የከሳ ሰው ነው፤ በክፍሎቹ መካከል ወንበር ላይ ዐረፍ እያለ ነበር የመራው።

በ2022 መጨረሻ፣ በ87 ዓመቱ፣ ማትሱሞቶ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የቤትሆቨንን «ኤግሞንት» መክፈቻ ለአንድ ልዩ አድማጭ መራ፤ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ለነበረው ለጠፈርተኛው ኮዊቺ ዋካታ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 ቶኪዮ ላይ በልብ ድካም ሞተ። 88 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት የማትሱሞቶ ፌስቲቫል አልተቋረጠም፤ ኦርኬስትራው ተሰበሰበ። የፌስቲቫሉ ዋና ተጋባዥ መሪ ሆና የተሾመችው ኖዶካ ኦኪሳዋ የተባለች ወጣት ጃፓናዊት ናት። ቤዛንሶን ላይ አንደኛ የወጣችው በ2019 ነው፤ ኦዛዋ በስኩተር ፓሪስ ከገባ ከ60 ዓመት በኋላ።